ሮማንወርቅ ያሰለፈችው ኮሌጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ምን ያህል ይሆናል? ለብዙዎቻችን ምናልባት አንዲት ጠዋት። የቀረው ወደዚያች ጠዋት መሄጃና ከዚያች መመለሻ መንገድ ነው። የሮማንወርቅ ጠዋት የነጋችው ለንደን ውስጥ፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ኮሌጅ በር ላይ፣ በ1975 ዓ.ም. ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነበር። ባተርሲ በሚባል ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ፋርማሲ ለመማር ተመዘገበች። በመጀመሪያው ቀን በሩን ልታልፍ ስትል፣ ክራቫት ያሰሩ ሽበታም ዘበኛ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና «ካርድሽን እባክሽ፣ የኔ እመቤት» አሏት።

ደስ አላት! ትታው በመጣችው አገር አብዮት ጥበቃው በየማዕዘኑ አፈሙዝ ደቅኖ «መታወቂያ!» ሲል ኖራለች፤ እኚህ ግን «እባክሽ» ይላሉ። እንዳደገችበት ወግ ጎንበስ ብላ ካርዷን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሰላም ሳይሉ ማለፍም ነውር ነውና «እንደምን አደሩ? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆችስ?» አለቻቸው።

ዘበኛው ሚስተር ኮሊንስ ግራ ገባቸው። በዚያ በር ላይ ስለ ሚስታቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እያደር ግን ባለቤታቸውን ሳል እንደያዛቸው ነገሯት፤ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፤ ገና ሲቃረብ ደግሞ ጓሯቸው ስለሚያረቧቸው እርግቦች። ካርዷን ማየቱን ግን አልተዉም። እሷም የሰላምታው አካል አድርጋ ቆጠረችው።

ይህን ደስታ ያፈረሰችባት ሉቺያ ናት። ሉቺያ የአስመራ ልጅ፣ በአማርኛ መቀለድ የምትወድ፣ ኮሌጁንም ለንደንንም የቀደመቻት ጓደኛዋ ነበረች።

«ዋይ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አለች እየሳቀች። «ለመሆኑ ሌላውን ቼክ ሲያደርጉ አይተሻል?»

«ሁሉንም እንጂ!»

«እስቲ ነይ፣ ቁሚና እዪ።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመው አዩ። ነጮቹ ተማሪዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው እያፏጩ ገቡ። አንድ ናይጄሪያዊ ተጠየቀ። ማርሻ የምትባል፣ ወላጆቿ ከጃማይካ መጥተው እሷ እዚያው ለንደን የተወለደች ልጅም ተጠየቀች፤ ካርዷን እንደ ቁማርተኛ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ መልሳ አንስታ አለፈች።

«ምናልባት ጥቁሮቹን ብቻ ይሆናል» አለች ሮማንወርቅ ቀስ ብላ። «እኔማ ቀይ ዳማ ነኝ።»

ሉቺያ አጥሩን ተደግፋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። «ለቀይ ዳማ ለብቻው በር ያለ መሰለሽ? የኔ እህት፣ እዚህ አገር ጠይም የለ፣ ቀይ ዳማ የለ። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አራግፈሽው ነው የገባሽው!»

ሮማንወርቅም ሳቀች፤ ኋላ ግን ገባት። ለካ ያን ሁሉ ጠዋት ያጎነበሰችው ለጥርጣሬ ነበር።

በማግስቱ ካርዷን ዝም ብላ ዘረጋች።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉ ሚስተር ኮሊንስ።

«ለምንድነው እኔን የሚጠይቁኝ?»

ፊታቸው ቀላ። «ታዝዤ ነው ልጄ። የኮሌጁ ዲን ተማሪ የማይመስለውን ጠይቅ ብለውኛል።»

ሰላምታውን ብትተወው የገዛ ጠባይዋን በሩ ላይ ጥላ መግባቷ ነው፤ ብትቀጥልበት ደግሞ ወጓ ውርደት ሊሆንባት ነው። ሰው በሁለት ነገር መሐል ሲጨነቅ አንዳንዴ ሦስተኛውን ይፈጥራል። ምሳ ሰዓት ላይ ካንቲን ውስጥ ተነስታ ቆመችና «ካርድ ማሳየት ደግ ነገር ከሆነ ለምን ለእኛ ብቻ ይሆናል? ሰኞ ሁላችንም እናሳይ። በሁለት እጅ ነው ታዲያ! ደግሞ ጉልበታቸውን ጠይቁ፤ ያማቸዋል» አለች። ማርሻ ጠረጴዛውን እየደበደበች ደገፈቻት፤ ወሬውንም በየክፍሉ አዳረሰችው።

ሰኞ ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ አውቶቡስ ማቆሚያውን አለፈ። ነጩም ጥቁሩም ካርዱን በሁለት እጁ ይዟል። «እንደምን አደሩ ሚስተር ኮሊንስ? ጉልበትዎስ?» «እርግቦቹ ደህና ናቸው?» ፀጉሩን አረንጓዴ የቀባ አንድ እንግሊዛዊ ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ሲነሳ ከመደፋት ለጥቂት ተረፈ። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሉቺያ እልልታውን ስታቀልጠው የአውቶቡሱ ሹፌር በጥሩምባ ተቀበላት።

ዲኑ እየሮጡ ወረዱ። «ምንድነው ይህ?»

ሚስተር ኮሊንስ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ትእዛዝዎን እየፈጸምኩ ነው ጌታዬ። ዛሬ አንዱም ተማሪ አልመስል አለኝ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዲኑ ጆሯቸው ሳይቀር ቀላ፤ «ሁሉም ይግባ!» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ በዚያ በር ካርድ የተጠየቀ የለም። ሮማንወርቅም ከማርሻና ከሉቺያ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ፣ እንደ ሙሽራ እየተዘፈነላት ገባች።

በሳምንቱ ግን በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሞ አገኘች። ጥፋቱ የዘበኛው ነው ተብሎ ሚስተር ኮሊንስ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ማከማቻ ተዛውረው ኖሯል። ሮማንወርቅ እስክትመረቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ወርዳ ጉልበታቸውንና እርግቦቻቸውን መጠየቋን አላቋረጠችም። ዲኑንም በየዓመቱ ቢሯቸው ድረስ እየሄደች አንድ ነገር ለመነች፤ ሻይ ይጋብዟታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አይፈጽሙላትም። የተመረቀች ዕለት እንኳ፣ ካባዋን እንደለበሰች፣ ዲኑ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉላት በሁለት እጇ ተቀብላ ያንኑ አለቻቸው።

«ትእዛዙን ያወጡት እርስዎ ካልተዛወሩ፣ እሳቸው ለምን ይዛወራሉ? ሚስተር ኮሊንስን ወደ በራቸው ይመልሱልኝ።»

አልመለሷቸውም።