ሦስት ሰዓት የቀደመው ቀይ መስመር

ወርቅነህ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። ዲግሪ የለውም። ስለ ከዋክብት የተማረው ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልኩ ነው። ማለዳ ኪዳን አድርሶ ሲመለስ የፀሐይን መውጣት አይቶ «ተመስገን» ማለት የጀመረው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በልጅነቱ ነው።

ሁለት ዓመት የለፋው በዚህች በፀሐይ ነው። አልፎ አልፎ ከፊቷ ነበልባል ይፈነዳል። ቅርብ ስለሆነች ነበልባሉ በየት በኩል እንደተነሣ ይታያል። ሌሎቹ ከዋክብት ግን ከነጥብ አይበልጡም፤ ሲፈነዱ የሚደርሰን ድምር ብርሃናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የፀሐይንም ብርሃን እንደ ሩቅ ኮከብ ይደምሩታል፣ ወደ ቀለማት ይበትኑታል፣ ከዚያ ከኮከቦቹ ጋር ያስተያዩታል። ወርቅነህም ለሁሉ ክፍት የሆነውን መዝገብ ከኢንተርኔት እያወረደ፣ ከቀለማቱ መካከል የሃይድሮጂን ጋዝ የሚሰጠው ቀይ መስመር በፍንዳታ ጊዜ እንዴት እንደሚደምቅ በካሬ ወረቀት ላይ በእጁ ይስላል።

ደብረ ታቦር ላይ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊከፈት አንድ ቀን ቀረው። ፖስተሩን ለማሳተም አብሮ አደጉ ሻፊ ዘንድ ሄደ። ሻፊ ገበያው ዳር ማተሚያ ያለው ነጋዴ ነው። ርእሱን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ቀዩ መስመር ከፍንዳታው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይደምቃል።»

«ልትፈነዳ ስትል አንተን ታማክራለች በለኛ!»

«አትቀልድ ሻፊ። በሳልኳቸው ሦስት ፍንዳታዎች ሁሉ እንደዚያው ነው። እስካሁን ማንም አላየውም።»

«ያ ሁሉ ፕሮፌሰር ተኝቶ ነው?»

ወርቅነህ የፍንዳታዎቹ ሰዓት የተዘረዘረበትን ወረቀት ከፖስተሩ ጎን ዘረጋለት። ነገ ሰው ፊት ቆሞ የራሱን ግኝት የሚናገርበት ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አይመጣለትም።

ሻፊ ግን የፍንዳታዎቹን ዝርዝር በጣቱ ነካ አደረገ። «ይሄ ስምንት ሰዓት ከአርባ በማን አቆጣጠር ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ነዋ።»

«በማን ነው ያልኩህ! እዚያ የተሰቀለው የሶላት ሰሌዳ ዙህርን አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ይለዋል፤ የእኔ ሰዓት ስድስት ከሃያ አምስት። እንደተጻፈው ብሄድ ዙህርን ጀንበር ስትጠልቅ ነበር የምሰግደው።»

ወርቅነህ ደብተሩን ገለጠ። የቀለማቱን መዝገብ ሲገለብጥ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ እኛ ሰዓት ቀይሮታል። የፍንዳታዎቹን ዝርዝር ግን በግሪንዊች ሰዓት እንዳለ ትቶታል። በጣቶቹ ቆጠረ። በግሪንዊች ስምንት ከአርባ ሲሆን በእኛ አምስት ከአርባ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ልክ ሦስት ሰዓት ነው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «የሁለት ዓመት ልፋት...»

«አንተ ሰውዬ፣ የተሳሳተው ሰዓቱ! ሥዕሉ ምን በደለህ? አስተካክለውና እንየው።»

አስተካከሉት። ቀዩ መስመር ሦስቱም ጊዜ ከፍንዳታው ጋር ገጠመ፤ ቶሎ ይደምቃል፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ወርቅነህ ቀደም ሲል የሳለውን የአንዲት ሩቅ ኮከብ ፍንዳታ ከጎኑ አስቀመጠ። እሷም ቶሎ ደምቃ ቀስ እያለች ትደበዝዛለች።

«እህቷ ናት እንዴ?» አለ ሻፊ፣ አንገቱን አስግጎ።

ይህን ሌሎች ቀድመው አይተውታል። ወርቅነህ ግን ራሱ በሳለው መስመር ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ርእሱን ለወጠ፦ «ቅርቧ ፀሐይ ስለ ሩቆቹ ከዋክብት ምን ትነግረናለች?» ከሥር ደግሞ እንዲህ አስጨመረ፦ «አዘጋጁ በሰዓት አቆጣጠር ተሳስቶ ነበር፤ ያረመው ወዳጁ ሻፊ ነው።»

«ስሜን ልተወውና ማተሚያ ቤቴን ልጻፍ፤ ደንበኛ ያመጣልኛል።»

«ሁለቱንም ጻፍ» አለ ወርቅነህ። «በትልቁ።»