ጨዋታ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የሰርጌ ሽር ጉድ በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ሰው የሰርጉን ፎቶ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ስልክ ተደውሎ ነገሩን እንደ አዲስ ቀሰቀሰብኝ። ካልጻፍሁት አይወጣልኝም።

አባቴ አዝማሪ ናቸው። ሐሙሲት ተቀምጠው የአገሩን ሁሉ ሰርግ በማሲንቆ ሲያደምቁ ኖረዋል፤ እኔን ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም በዚያው ነው። ለእጮኛዬ ለይበልጣል ገና ስንተዋወቅ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ለቤተሰቡ ትንፍሽ አላለም። ሽማግሌም ከራሱ ወዳጆች መርጦ ላከና ቤተሰቡ ሲጠይቁት "አባቷ የተከበሩ ሰው ናቸው" ብሎ አለፈው።

ሙዚቃውን የመምረጡ ነገር ለይበልጣል አክስት ለእትዬ ስንዱ ተሰጠ። ከተማ፣ ፋሲሎ ሰፈር ነው የሚኖሩት። "ዲጄ ምናምን አልፈልግም! ደህና አዝማሪ ይገኝና ሰርጉ ሰርግ ይምሰል" አሉና አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሁለታችንን ይዘው አዝማሪ ቤት ሄዱ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደ እኛ ሲመጣ ትከሻቸው አላስቀምጥ አላቸው። ግጥም ይሰጣሉ፣ "ተቀበል!" ይላሉ፣ እሱም ይቀበላል። "በቃ፣ እሱ ይምጣልን!" አሉ።

ይኼኔ አዝማሪው እኔን አየኝ። ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት እየተመላለሰ ከአባባ የተማረ ሰው ነው። "የጋሽ ውበቱ ልጅ!" ብሎ ጎንበስ አለና ሰላም አለኝ። ሙሽራዋ እኔ መሆኔን ሲሰማ ጊዜማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው፦

"ጣቱ የሚናገር ያ የሐሙሲት ሰው፣
ልጁን ሊድራት ነው፣ እንኳንም ደስ አለው።"

እኔ እንባዬ መጣ። የእትዬ ስንዱ ትከሻ ግን ቀጥ አለ። "አባትሽን ከየት ነው የሚያውቃቸው?" ሲሉኝ "አስተማሪው ናቸዋ! ማሲንቆ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው" አልኋቸው፣ ኮራ ብዬ።

ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ወደ እኔ ዞሩ።

"አባትሽ አዝማሪ ናቸው ማለት ነው?"

"አዎ፣ ናቸው።"

"እኛ አዝማሪ አንጠላም፤ እንዲያውም እንወዳለን። ግን የኔ ልጅ፣ ጨዋታ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ።"

ወይ ጉድ! ሲጨፍሩ ያላባቸው ላብ እንኳ ገና አልደረቀም እኮ! ይበልጣል አንድ ነገር ይላል ብዬ ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ውጭ ውጭውን ያያል።

የጥሪ ካርዱ ተበትኖ ስለነበር ሰርጉን መሰረዝ አልደፈሩም። በማግስቱ ግን ከእትዬ ስንዱ ትእዛዝ መጣ። ማሲንቆ አዳራሹን አይረግጥም፣ በምትኩ ኪቦርድ ያለው ባንድ ይመጣል፣ አባቴም ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ "ገበሬ ነኝ" ይበሉ ተባለ። ይበልጣል "ለአንድ ቀን ነው እኮ፣ ቻያቸው" አለኝ። ቀለበቱን አውልቄ ልወረውርለት ምንም አልቀረኝ።

ሐሙሲት ሄድሁ። አባባ ለሰርጌ ብለው የማሲንቆውን ጭራ በአዲስ ቀይረው ጠበቁኝ። በሰው ልጆች ሰርግ ሲጫወቱ ለኖሩ ሰው፣ ለአንዲት ልጃቸው አንድ ቀን መጫወት ምኞታቸው ነበር። ጉዳዩን ስነግራቸው ማሲንቆውን መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። "ሰርጉን ልተወው" አልሁ።

"ተይ፣ በእኔ ምክንያት ትዳርሽ አይፍረስ። ባዶ እጄን እመጣለሁ። ገበሬ ነኝ ማለት ግን አልችልም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም" አሉኝ።

በሰርጉ ዕለት፣ ጣና ዳር ባለው አዳራሽ፣ አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ባንዱ ሲጫወት ቆየና የኪቦርዱ ልጅ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ከማሽኑ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የማሲንቆ ድምፅ! ማሲንቆ አይግባ ያሉት እትዬ ስንዱ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ፤ እስክስታውን አስነኩት። የአባባ ግራ እጅ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሳሉ።

አልቻልሁም። ቬሎዬን ሰብስቤ ከሙሽራ ወንበር ተነሣሁና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሙዚቃው ቆመ። "ምን ሆነች?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"አባቴ ናቸው! አዝማሪ ናቸው!" አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ኪቦርዱ ማሲንቆ እንዲጫወት ተፈቅዶለታል፤ እሳቸው ግን በልጃቸው ሰርግ እንዳይጫወቱ ተከልክለዋል!"

አባባ እጄን ይዘው "በቃ ልጄ፣ ሰው አለ" አሉኝ። ይበልጣል ያን ጊዜ መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ጉልበታቸውን ሳመ። ዘግይቷል፤ ግን ሳመ። ስለዚያ ነው ዛሬም አብረን ያለነው።

እንግዲህ የሰሞኑ ስልክ የእትዬ ስንዱ ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። "የኔ ልጅ፣ የአባትሽን ጨዋታ ሰው ሁሉ አወራልኝ። ለሰርጉ መጥተው ይጫወቱልን፤ ቤተሰብ አይደለን?" አይሉኝ መሰላችሁ! ምላሴን ነክሼ ስልኩን ሊጠይቁኝ መጥተው ለነበሩት ለአባባ ሰጠሁ።

አባባ አልተቆጡም። "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ቤተሰብ ከሆንን ግን ዘመድ ይጠራል እንጂ አይቀጠርም። ካርድ ይላኩልኝና እመጣለሁ" አሏቸው።

እሳቸው ይቅር ብለዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የእትዬ ስንዱ የጥሪ ካርድ ፋሲሎ ውስጥ ለጎረቤት ሁሉ ታድሏል አሉ። ሐሙሲት ግን አልደረሰም።