የጋሼ ጥቁር ውሃ

ዛሬ ጠዋት ለትንሿ ልጄ ሳል የዘይቱን ቅጠል ቀቀልኩ። ክዳኑን ሳነሳው ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ቀልቷል፤ ያ መረር ያለ፣ እርጥብ እንጨት የሚመስል ሽታ ፊቴን መታኝ። ክዳኑን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ከአልጋዋ ሆና "እማ፣ አልደረሰም?" ባትለኝ ኖሮ ውሃው ተንኖ ያልቅ ነበር።

ሽታው የወሰደኝ መካኒሳ አቦ ወደተከራየንበት ግቢ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ገና አልዳኸችም። አባቷ ለቡ በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ ፌሮ ያስር ስለነበር ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው። እኔ ከሕፃኗ ጋር ስፈራ እውላለሁ። የማልፈራው ነገር አልነበረም፤ ብርዱን፣ ምቹን፣ ደረጃውን፣ የሰውን ዓይን። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የማላውቀው ነገር ስለበዛ መጠንቀቅን ብቻ ጠንቅቄ አውቅ ነበር።

አከራያችን ዕድሜያቸውን ሙሉ መስታወት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው በሲሊኮን ያጣበቁት፣ ከአልጋዬ የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ቆሟል። ውስጡ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። መስኮት ሊገጥሙ በገቡበት ቤት የነበሩ የውጭ ሰዎች ከአገር ሲወጡ ሰጥተዋቸው ነው። ፒራንሃ ይሉታል፤ የደቡብ አሜሪካ ወንዝ ሥጋ በል ነው። መዳፍ ያህላል፣ ጥቁር ነው፣ ዓይኑ ቀይ፣ የታች መንጋጋው ወደ ፊት የወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልጄን በነጠላዬ ሸፈንኳት።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይዘላል?"

"እሱ? እሱ ነው እንጂ አንቺን የሚፈራው። ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አታይም?"

እውነታቸውን ነበር። ከመጣ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ቆርጠው ቢያወርዱለት ዞር ብሎ አያየውም። የክንፉ ጫፍ እንዳረጀ ጨርቅ መተልተል ጀምሯል። ጋሼ በስልካቸው ቪዲዮ ያያሉ፤ ቋንቋውን አያውቁትም፣ የሰዎቹን እጅ ነው የሚከታተሉት። አንድ ቀን ጠሩኝና አሳዩኝ። ጫካ ውስጥ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ ውሃው ጠቁሯል፣ መሬቱ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኗል።

"አገሩን አየሽ?" አሉኝ። "እኔ ደግሞ ጥርት ባለ የቧንቧ ውሃ ውስጥ፣ አምፖል ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሰውን ልብሱን ገፎ አደባባይ እንደማቆም ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ወንዝ ሳሎናቸው ውስጥ ሊሠሩ ተነሡ። የቧንቧው ውሃ እንደሚከብደው ያስረዱኝ የማንቆርቆሪያዬን ሥር ገልብጠው፣ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት በጥፍራቸው እየፋቁ ነው። ዝናብ ይህ የለበትም። ስለዚህ ግቢው መሃል አራት እንጨት ተክለው ንጹሕ ላስቲክ ወጠሩ፤ ውሃው ቆርቆሮ ሳይነካው በርሚል ውስጥ ይወርዳል። ከወንዝ ዳር አንድ ጉቶ አምጥተው ቀቀሉት፤ እስኪሰጥም ድረስም ድንጋይ ጭነውበት ብዙ ቀን ዘፈዘፉት። አምፖሉን በካኪ ወረቀት ጋረዱት።

ቅጠሉን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ዘይቱን ነበር። "ከዛፉ እንዳትቀነጥሺ" ይሉኛል። "ራሱ የጣለውን፣ ደርቆ የተጠቀለለውን ብቻ።" ልጄን አዝዬ ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ። እሳቸው አንድ በአንድ ያሸቱታል፤ ሻጋታ የነካውን ይጥሉታል፣ ሌላውን አጥበው በዝናቡ ውሃ እስኪጠቁር ይቀቅሉታል። መስታወት የቆራረጣቸው ጣቶች ቅጠል ሲዳስሱ ማየት ልቤን ያረጋጋው ነበር። ከእኔ የባሰ ጠንቃቃ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። የእሳቸው ጥንቃቄ ግን ፍርሃት የለበትም።

ውሃውን በአንድ ጊዜ አልቀየሩትም። ጠዋት አንድ ባልዲ አሮጌ ይቀዳሉ፣ አንድ ባልዲ ጥቁር ይጨምራሉ። "በአንዴ ካደረግሁት ይደነግጥና ይሞትብኛል" ይላሉ። ገንዳው ከቀን ወደ ቀን ጠቆረ። ዓሣው ግን አሁንም አልበላም። ጎኑ እየተጣበቀ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ በኩል እየተጋደመ ሄደ። "ግማሽ መንገድ ላይ ነን" አሉኝ ጋሼ። "በርሚሉ ውስጥ ያለው ካደረሰን ይተርፋል።"

የጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት ለገንዳው ውሃ ማሞቂያ ገመድ ሊገዙ ጎፋ ሄዱ። ሲወጡ "በርሚሉን አደራ፣ እጅ እንዳይገባበት" አሉኝ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እየበራ ዝናቡ ወረደ። ውጭ የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ዝናቡ ውስጥ ይዘላሉ፣ እናቶች ሳፋና ባልዲ ይደረድራሉ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። የእኔ ልጅ አንገቷን ሽፍታ አቃጥሏት ከክሊኒክ በተሰጠን ቅባት እቀባት ነበር። ዝናቡ ውስጥ እንዳላወጣት ብርዱን ፈራሁ። እንዲሁ ይቅርባት ማለቱም አሳዘነኝ። በታጠበ ጆግ ከበርሚሉ ቀዳሁ፤ እጄን አላስነካሁም። ለብ አድርጌ፣ ለሩፋኤል ስለት እየተሳልኩ፣ ሳፋ ውስጥ አጠብኳት።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረውም። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው ያስጨነቀኝ። የሩፋኤል ውሃ ነው፣ የት ይደፋል? ግቢው ሁሉ ይረገጣል። ቱቦ ውስጥ ደግሞ አይታሰብም። ሳፋውን ይዤ ብዙ ዞርኩ። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቼ፣ ጠብታ እንዳይፈስብኝ ተጠንቅቄ፣ መልሼ በርሚሉ ውስጥ ጨመርኩት።

ጋሼ መጥተው ክዳኑን ሲያነሡ ውሃው ላይ ቅባቱ ናፍጣ እንደፈሰሰበት ኩሬ ያብረቀርቅ ነበር።

"ማን ነው የነካው?"

ልጆቹ ናቸው ማለት እችል ነበር። "እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ። "ልጅቷን አጥቤበት መለስኩት። የት ልድፋው? ሰው ይረግጠዋል እኮ።"

ክዳኑን መልሰው ከደኑት። ከዚያ "ልጅቷ ተሻላት?" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አለቀስኩ። እሳቸው በርሚሉን አቁመው በጠርዙ እያዞሩ ወደ ዘይቱኑ ሥር ወሰዱት። ሥሮቹ መሃል፣ ማንም እግሩን በማያሳርፍበት ቦታ፣ ቀስ ብለው ደፉት። "እዚህ አይረገጥም" አሉ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ፣ ዝናብ ጠፋ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ዓሣው ጉቶው ሥር በጎኑ ተኝቶ ጉንጩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ።

እኔ የሰው ደጅ ማንኳኳት የሚያስፈራኝ ሰው ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄን አዝዬ፣ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁት ከጎናችን ወዳሉት አሮጊት ነው። እሳቸው የሩፋኤልን ውሃ ከሰማይ በቀጥታ በሳፋ ነው የሚቀበሉት፤ ከቆርቆሮ የወረደ አይወዱም።

"እማማ፣ ከጠበሉ ይስጡኝ።"

"በሞትኩት! ማን ታመመብሽ?"

መዋሸት ፈራሁ፣ በጠበል አይዋሽም። "የጋሼ ዓሣ ነው" አልኩ።

"ያ ሰው በላው?" አማተቡ። "ረቡዕ የለው፣ ዓርብ የለው፣ ሥጋ ሲበላ የሚውል! ለእሱ ጠበል?"

"ሦስት ወሩ ነው እኮ እማማ፣ ምንም አልበላም።"

"ሦስት ወር?" አሉና ልጄን እያዩ አሰቡ። "ጾም እንኳ ይፈታል በሦስት ወር..." ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሩፋኤል እንደሆነ የዓሣ ነገር አዲሱ አይደለም። ያ ቤተ ክርስቲያን የተሠራበት ዓሣ አንበሪ ሲናወጥ በበትሩ ወግቶ ጸጥ ያደረገው እሱ አይደል? በይ አቅርቢው ጀሪካኑን። ለልጅሽም ታስቀሪላታለሽ።"

ከዚያ በኋላ እኔ አይደለሁም ያንኳኳሁት፤ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ከፊቴ ሄዱ። "ለጋሼ ዓሣ ነው፤ ለምን እንዳትሉኝ፣ ስጡ!" ይላሉ። የሚስቅ ይስቃል፣ ግን ባዶ እጃችንን የመለሰን የለም። ጋሼ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ሲያዩ አንዱን ከፍተው አሸተቱና "ቆርቆሮ ነክቶታል?" ብለው ጠየቁ። "አልነካውም" አልኳቸው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ወደ ሳሎን ማስገባት ጀመሩ።

በየቀኑ አንድ ባልዲ፣ እንደ ልማዳቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮት "ቶሎ ነይ፣ ግን ቀስ ብለሽ" ብለው ጠሩኝ። ውሃው ጠቁሮ፣ ብርሃኑ እንደ ማር ቀጥኖ፣ ቅጠሉ ታች ተነጥፏል። ዓሣው ከጉቶው ሥር ወጣ፤ ቀጥ ብሎ፣ ቀይ ዓይኑ እየበራ። ወደ ሥጋው ዞረና አንዴ ብቻ ነከሰ። የመቀስ ድምፅ ነበረው። እንዲህ ያማረ ነገር ስፈራው መኖሬ ገረመኝ። ጋሼ እንባቸውን በካኪው ወረቀት ትርፍ ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ዓሣው ብዙ ዓመት ኖረ። እኛ ወደ ለቡ ብንሄድም በየጊዜው እመላለስ ነበር። ትንሿን ልጄን ሳረግዝ፣ ሆዴ ከገፋ በኋላ እንኳ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ጋሼ ወንበር አምጥተው ገንዳው ፊት አስቀመጡኝ። ዓሣውን ግን አላየሁትም። "ከጉቶው ሥር ነው፣ ዛሬ ተኮሳትሯል" አሉኝ። እኔም ለጥቁሩ ውሃ "ደህና ሁን" ብዬ ተመለስኩ።

የልጅቷ ክርስትና ዕለት መጡ። እንግዳው ሲቀል ወደ ደጅ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መርዶ የሚያረዳ ሰው አቀማመጥ ስለሆነ ልቤ ፈራ።

"ዓሣው አርፏል" አሉኝ።

"መቼ ጋሼ?"

"አምስት ወር አለፈው። ነፍሰ ጡር ነበርሽ፣ ቀጥሎ አራስ ሆንሽ። እንዴት ብዬ ላስደንግጥሽ?"

"ስመጣ ግን ውሃው እኮ..."

"ቅጠሉን እቀይርለት ነበር" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "ከጠራ ባዶ መሆኑን ታውቂብኛለሽ።"