የዳኛ የሺሃረግ ሦስት መቶ ደጋፊዎች

ዳኛ የሺሃረግ መዶሻ የሚያነሱት ችሎት ላይ አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት በሰው ግቢ ሣር ላይ ነው። መጀመሪያ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳቸውን የሽቦ እግር መሬቱ ላይ ያቆማሉ። የዳላስ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ስለሆነ ከጠርሙስ ውሃ ያፈሱበታል፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ይመታሉ። ስማቸው ያለበትን ፕላስቲክ ከላይ ወደ ታች ያጠልቁበታል። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩታል፤ ከዘመመ ይነቅሉታል።

ሃያ ዓመት ጠበቃ ነበሩ፤ የኤርፖርት ታክሲ ሾፌሮችን ትኬት፣ ማለትም የትራፊክ ቅጣት፣ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ዳኛም በሕዝብ ድምፅ በሚመረጥባት ቴክሳስ፣ በዳላስ ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) ለቀላል ወንጀሎች ችሎት ዳኝነት ሲወዳደሩ ማኅበረሰባችን "የኛ ልጅ" ብሎ ተነሣ። አዳራሽ ተያዘ፣ ክትፎ ቀረበ፣ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎ አብሯቸው ፎቶ ተነሣ። በስልሳ አንድ ድምፅ ተሸነፉ።

"ተጭበርብሯል" ተባለ፤ እንዲህ ማለት ከማጣራት ይቀላል። እሳቸው የደጋፊዎቹን ዝርዝር ይዘው አንድ በአንድ ደወሉ። ሰማንያው የሚኖሩት ፎርት ዎርዝ፣ ሌላ ካውንቲ ውስጥ ነው። አርባው ዜግነት ሲቀበሉ በዚያው ለምርጫም የተመዘገቡ መስሏቸው ነበር። የቅስቀሳ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መዝገቡ ግን በግቢያቸው ሦስት ሰሌዳ የተከሉ፣ በእርግጥም ድምፅ የሰጡ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ድምፅ መስጫው ላይ ስሜን አገኙት?"

"ማለቴ... አላየሁትም። የላይኞቹን፣ እነ ገዢውን ስመርጥ አንቺም አብረሽ ትገቢያለሽ ብዬ ነው።"

"ቤትዎ የትኛው ካውንቲ ነው?"

"ሮውሌት ነዋ!"

ሮውሌት ከተማ ናት፤ ሁለት ካውንቲ ላይ ተዘርግታለች። የጋሽ መዝገቡ ቤት ከዳላስ ካውንቲ ወሰን ወዲያ ነው። ሰብሳቢው ቢፈልጉም ሊመርጧቸው አይችሉም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ዳኛ ወንበር ሲለቁ የሺሃረግ ለቀሪው የሥራ ዘመን ተወዳደሩ። ያኔ ክትፎ አልነበረም፤ በየአፓርታማው እየዞሩ ከሰላምታ ቀጥሎ ካውንቲ ጠየቁ፣ አሸነፉ። ማኅበረሰቡም ድሉን ወዲያው ተረከበ፤ ትኬቱን ይዞ መጣ። ይህ ችሎት የትራፊክ ትኬት እንደማያይ፣ ቢያይም ዝምድና እንደማይሠራ ሲያስረዱ "ወንበር አገኘችና ረሳችን" ተባለ። ጋሽ መዝገቡ በበኩላቸው አዲስ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ዳኛዋ ለሙሉ አራት ዓመት ይወዳደራሉ። ልዩነቱ እንደገና ከመቶ ድምፅ እንደማይበልጥ ያውቃሉ፤ ከተሸነፉ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢሯቸውን ያስረክባሉ። ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው ለአንባቢ አንድ መልእክት ሰጡኝ፦

"ፎቶው ይቆየን። የመራጭነት ካርዳችሁን አውጡና ካውንቲውን አንብቡ። ዳላስ ካለ፣ እባካችሁ የግዛቱን ገዢ ብቻ መርጣችሁ አትውጡ፤ ዳኞቹ እስካሉበት መጨረሻ ገጽ ድረስ ሂዱልኝ። እኔን ባትመርጡ እንኳ አይታችሁኝ እለፉ።"