ገመድ ዘመድ የለውም

አጎቴ የገበሬ ማኅበሩ ትራክተር ነጂ ነበሩ። መቂ መንገድ ላይ ጭቃ የያዘውን የማንንም መኪና ከመጎተታቸው በፊት ካፖርታቸውን አውልቀው የብረት ገመዱ ላይ ይጥላሉ፤ ቢበጠስ ተወንጭፎ ሰው እንዳይመታ። ከዚያ "ራቁ፤ ገመድ ዘመድ የለውም" ይላሉ።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ክረምት፣ የወታደር መኪና ተያዘ። መኮንኑ ገመዱ አጠገብ ቆመ። አጎቴ ሞተሩን አጠፉ።

"ጓድ፣ ካልራቁ አልጎትትም።"

"እኔን ነው የምታዘው?" ሽጉጡን ዳሰሰ።

ያን ጊዜ ሰው በአንድ ቃል ይወሰድ ነበር። እኔ ከመንገዱ ዳር ሆኜ አያለሁ። እሳቸው ሞተሩን ሳያስነሱ ጠበቁ። መኮንኑ እየተሳደበ ራቀ። አጎቴ ሞተሩን አስነስተው መጎተት ሲጀምሩ ወዲያው ገመዱ ተበጠሰ፤ ካፖርቱ ይዞት ጭቃው ላይ ወደቀ።

ባለፈው ሳምንት በአጎቴ ቀብር ላይ ሣጥናቸውን በገመድ ሲያወርዱ ዘመድ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። "ራቁ" የሚል አልነበረም። እኔ ብቻ ፈርቼ ወደ ኋላ ሸሸሁ።