ቁልፍ የሌላት ሳይክል

ከጅማ በወጣሁበት ምሽት ዝናቡ ሰፈራችንን ቦሳ ኪቶን አጨቅይቶት ነበር። ሻንጣዬን ሳልዘጋ ሳይክሌን እየገፋሁ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወደ ጋሽ ነስሩ ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማቆማት እሳቸው በር ላይ ነው። ቁልፍ ገዝቼላት አላውቅም፤ «አደራ» ካልኩ በቃ።

«ጋሽ ነስሩ፣ እስክመለስ አደራ።»

«ወላሂ፣ ካንተ በቀር ማንም አይነካትም! ነጋቲ፣ ልጄ፣ በሰላም ግባ።»

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ አትሳቁብኝ፤ ጀርመን ከገባሁ በኋላ መከራዬን ያየሁት በዚችው «አደራ» በምትባል ቃል ነው።

ክፍል ያከራየኝ ሄር ቮልፍ፣ አቶ ቮልፍ እንደማለት፣ የሚባል ጡረተኛ ነው። ዎንሞቢል አለው፤ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ማለት ነው። ከኋላው መስቀያ ላይ ሁለት ሳይክል ተጭኗል። ሳይክሎቹን እርስ በርስ በሰንሰለት ያስራል፣ ሰንሰለቱን ከመስቀያው፣ መስቀያውን ከመኪናው ይቆልፋል፣ ሸራ ያለብሳል፣ በመጨረሻ መስቀያው ላይ አላርም ይገጥማል። አላርሙ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ስለሚጮህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ እሁድ ሐይቅ ዳር ይዞኝ ሄደ። ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የፈለገው ዘበኛ ኖሯል።

«እኔና ባለቤቴ ምሳ በልተን እንመጣለን። አንድ ነገር ቢጎድል ክፍሌን ትለቃለህ» አለኝ።

ያችን ክፍል ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ብርዱ ሽንቴን አመጣው። ሽንት ቤቱ መኪናው ውስጥ ነው፤ የመኪናው ቁልፍ ሄር ቮልፍ ኪስ ውስጥ። ሲጨንቀኝ በቁምጣ የሚሮጥ ሰው አስቆምኩ፣ እጁን ሳይክሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ «አደራ» ብዬው በረርኩ።

የሕዝብ ሽንት ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ስመለስ ሰውዬው እንዳቆምኩት ቆሟል፤ አጠገቡ ሄር ቮልፍና የጠራቸው ሁለት ፖሊሶች አሉ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለኝ አንደኛው ፖሊስ።

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ሳይክሎቹን ለምን ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁትም፣ አደራ አልኩት እንጂ። እኛ አገር ቁልፉ ሰው ነው።»

ፖሊሱ ወደ ሯጩ ዞረ። «አንተስ ለምን ቆምክ?»

«እንጃ» አለ ሯጩ፣ ላቡ ደርቆበት እየተንቀጠቀጠ። «እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ጥዬ መሄድ አፈርኩ።»

አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሄር ቮልፍ ግን አላመነም። ቁልፎቹ ተነካክተው እንደሆነ ሊያይ አንድ በአንድ ከፈተ፤ ሳይክሎቹን አውርዶ በፖሊስ ሊያስመረምር ወደ መኪናቸው ገፋ። ሁላችንም ተከተልነው። ስንመለስ መስቀያው የለም! አላርሙ ከሩቅ ሲጮህ ይሰማል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

«ክፍሌን ልቀቅ!»

«የከፈቱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አንተ ባትሸና አልከፍትም ነበር!»

ሻንጣዬን እየሸከፍኩ ወደ ጅማ ደወልኩ። የክፍሉን ነገር ለእናቴ አላነሳሁላትም።

«እማዬ፣ ሳይክሏን ከጋሽ ነስሩ ተቀብለሽ ለወንድሜ ስጪው። እኔ መቼም ቶሎ አልመጣም።»

«ጠይቀናቸው እምቢ አሉ እኮ! ሱቁ ሲፈርስ ከዕቃቸው ሁሉ በፊት እሷን ነው እየገፉ ያወጡት። አሁን ታመው ተኝተዋል፣ አልጋቸው አጠገብ ናት። በየጁምዓው ንፋስ ያስሞሏታል። ‹ባለቤቱ መጥቶ ይረከበኝ› ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

«እማዬ፣ አደራ... እስክመጣ እንዳይሞቱብኝ በያቸው።»