የሣህሊቱን ባትሪ ማን በላው

ኃይለ መስቀል በሲያትል ሐበሾች ዘንድ የሚታወቀው በሥራው አይደለም። ሥራው መኪናቸውን ኤርፖርት አጠገብ አቁመው የሚበሩ መንገደኞችን በትንሽ አውቶቡስ እስከ ተርሚናሉ ማመላለስ ነው፤ ይህን የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እሱ የሚታወቀው በባትሪ ነው። ስልኩ ገና በቀትር እየሞተ ያስቸገረው ሰው ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬኒየር ቫሊ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይፈልገዋል። እሱም ሻዩን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥና ተራ በተራ ያስተናግዳል።

አሠራሩ የራሱ ነው። ስልኩን ይቀበልና ቡዳ እንደ በላው ሰው ፊቱ ላይ አፍጥጦ «ማን በላህ? በል ለፍልፍ!» ይለዋል። ሰው ይስቃል። ከዚያ ወደ ሴቲንግ ገብቶ ባትሪ የሚለውን ይከፍትና የበላውን አፕ በስሙ እየጠራ ያጋልጠዋል። ምክሩንም አይሰስትም። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ አፕ እየጠረጋችሁ መዝጋት ልፋት ነው፣ እንደገና ሲከፈት የባሰ ይበላል፤ ትራስ ሥር ቻርጅ አታድርጉ፣ ሙቀት ይገድለዋል፤ ሰማንያ ሲሞላ ንቀሉት ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ሎኬሽንን ይጠላል። የት እንዳላችሁ ቀኑን ሙሉ ለሚጠይቅ አፕ አትመልሱለት፣ ትልቁ ቡዳ እሱ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል።

ታዲያ እንዲህ የሚያስተምር ሰው የገዛ ሚስቱ ስልክ ዘጠኝ ሰዓት የማይደርስ ሆነ።

ነገሩ እንዲገባን ኃይለ መስቀል ቀናተኛ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። እሱ ቅናት አይለውም፤ ጥንቃቄ ነው የሚለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለው ተረት የተተረተችው ለሱ ይመስለዋል። አሜሪካ በገቡ በዓመታቸው ሣህሊቱን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ «ስማርት ነሽ» አላትና ይህን ደስ ብሏት ስትነግረው ሳምንት ሙሉ አኩርፏል። አስተማሪው ሽማግሌ ነበር፤ ቢሆንም።

ሣህሊቱ አረጋውያንን በቤታቸው የምትንከባከብ ሴት ናት። ጧት ሬኒየር ቫሊ አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች፤ ከቀትር በኋላ በባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሾርላይን ትሄድና እግሩ የማይታዘዝለት አንድ ሽማግሌ ጋ እስከ ምሽት ትውላለች። ሾርላይን ደግሞ ሙላቱ አለ። ሙላቱ ሚስቱ የሞተችበት፣ በልጅነታቸው አንድ ሰፈር ከሣህሊቱ ጋር ያደገ፣ ወሬ የሚያምርበት ሰው ነው። አንድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የድሮ ሰፈራቸውን ጉድ ሲያወራላት ሣህሊቱ አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኃይለ መስቀል ከጥጉ ሆኖ አየ። ከሱ ጋር እንደዚያ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ያን ቀን የጠጣው ሻይ እሬት እሬት አለው።

በማግስቱ ሣህሊቱ ስልኬ ሞላብኝ፣ ፎቶ አልነሣ አለ ብላ ሰጠችው። ፎቶውን አቀለለላት፤ እግረ መንገዱን አንድ አፕ ጫነባት። ወላጆች ልጆቻቸው የት እንደዋሉ የሚያዩበት ነው። ከማትከፍታቸው አፖች ጋር ሸጎጠውና ስልኩን መለሰላት፤ እሷም እጅህ ይባረክ አለችው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገነት ገባ። መንገደኞቹን ባወረደ ቁጥር ስልኩን ያወጣል፤ ሚስቱ አረንጓዴ ነጥብ ሆና ታበራለታለች። አሁን አሮጊቷ ቤት ናት፤ አሁን ባቡር ላይ ናት። ነጥቧን እንደ ጥጃ ከኋላ ከኋላ ይከተላታል። ከዚያ ግን ነጥቧ ሾርላይን ስትደርስ ግራጫ ሆና ቀረች። በነጋታውም እዚያው። በሦስተኛውም ቀን እዚያው፣ ሙላቱ ከሚኖርበት መንገድ ብዙ ሳትርቅ።

ያ አፕ ጧት መቶ የሞላውን ባትሪ እየጋጠ እየጋጠ ሾርላይን ላይ ይጨርሰዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ በከተማው ውስጥ ከኃይለ መስቀል በላይ የሚያውቀው የለም። ቢሆንም እሷ ናት የምታጠፋው አለ። እንዴት ሁለቱን አንድ ላይ አመነ ብሎ ቀናተኛን መጠየቅ አይቻልም። ጧት ባትሪው ነው ይላል፤ ነጥቧ ስትጠፋ ሆን ብላ ነው ይላል፤ ማታ እራት ስታቀርብለት እጇን እጇን እያየ ይበላል።

እሷ ደግሞ በየቀኑ ትለምነዋለች። ስልኬ ሾርላይን ስደርስ ይዘጋብኛል፣ ለሰው ሁሉ የምታየውን ለኔም እስቲ እየው ትለዋለች። እሱ ባትሪው አርጅቷል ይላታል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። ያን የባትሪ ገጽ ቢከፍተው ማን ለፍልፎ እንደሚወጣ ያውቀዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሣህሊቱ ሾርላይን ስትደርስ የሽማግሌው ቤት ተቆልፎ አገኘችው። ሰውየው ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ኖሮ የቀጠራት ቢሮ አትሂጂ ሊላት ቢደውል ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ዝናቡ አላባራም። ደጁ ላይ ቆማ ጠብቃ ጠብቃ፣ በእግሯ ወደ ባቡሩ ስትመለስ ሙላቱ ከመኪናው ሆኖ አያት። ርጥብ ልብሷን አይቶ እንዲህ ሆነሽ ባቡር አትሳፈሪም፣ ቤትሽ አደርስሻለሁ አላትና ባልና ሚስቱ እስከሚኖሩበት ዴ ሞይን አመጣት።

ኃይለ መስቀል በመስኮቱ ቆሞ ነበር። ነጥቧ ከጠፋች ጀምሮ ስልኩን ሲከፍት ሲዘጋ ነው የዋለው፤ አሁን ደግሞ ከሙላቱ መኪና ስትወርድ፣ ሙላቱም እጁን አንሥቶ ሰላም ሲለው አየ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አለ በልቡ። ሚስቱ ገብታ ውሃዋን ሳታራግፍ፣ የሆነውን ልትነግረው ስትጀምር አቋረጣት።

«ለካ የሚያደርስሽ ሰው አለሽ። ስልክ ምን ያደርግልሻል?»

ሣህሊቱ የጀመረችውን ወሬ አልጨረሰችውም። ልብሷን ልትቀይር ገባች። እሱ መልስ አለመስጠቷን እንደ መልስ ቆጠረው፤ ቅናት የሚጠግበው እንዲህ ያለውን እየበላ ነው።

እሑድ ሲሆን ሣህሊቱ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ጥጉ ድረስ መጥታ ስልኳን ዘረጋችለት። እሱም ሰው ፊት፣ ሳይቀበላት፣ ባትሪው አርጅቷል አልኩሽ እኮ አላት። አጠገባቸው ኖላዊት ነበረች፤ ፋርማሲ የምትሠራ፣ በሱ ላይ በማሾፍ የታወቀች ሴት ናት። ዛሬ ሐኪሙ ደክሟቸዋል፣ ለኔ ስጪኝ ብላ ስልኩን ተቀበለችና ልክ እንደሱ አፍጥጣ «ማን በላህ? ለፍልፍ!» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሙላቱም ከወዲያ ጠረጴዛ ሆኖ ሳቀ። ኃይለ መስቀል እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልደረሰም።

«ቆይ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች ኖላዊት፣ ገጹን ወደ ላይ እየገፋች። «ግማሹን የበላው እኮ ይሄ ነው። ፓረንቶች ኪዶቻቸውን ትራክ የሚያደርጉበት ነው፤ ሎኬሽንሽን ሙሉ ቀን ሴንድ ያደርጋል። እትዬ ሣህሊቱ፣ አንቺ ነሽ ዳውንሎድ ያደረግሽው?»

ሳቁ ከዚህም ከዚያም እየተቆረጠ ቆመ። ኖላዊት የጠየቀችው ምን እንደሆነ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ፊቷ ቀላ። ሙላቱ ኩባያውን እያየ አቀረቀረ።

«አይ» አለች ሣህሊቱ። «እኔ ልጅ የለኝም።»

ወደ ባሏ አልዞረችም። ስልኳን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከሴቶቹ ጋር ሄዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ኃይለ መስቀል ጩኸት ጠበቀ። ብትጮህ መልስ አዘጋጅቷል፤ ስለ ሙላቱ፣ ስለዚያ ሳቅ፣ አንድ በአንድ። እሷ ግን መንገዱን ብቻ አየች። ዴ ሞይን ሊደርሱ ሲሉ አላስቻለውም፤ ስልክሽን ስጪኝ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ አላት። አትንካው አለችው።

ቤት እንደገቡ ኩሽናው ጥግ ካለው ሶኬት ቻርጀሩን ሰካችና ስልኳን አገናኝታ መደርደሪያው ላይ አጋደመችው።

«ይኸውልህ» አለችው። «ከእንግዲህ አይዘጋብህም፤ የትም አልሄድም።»

ሰኞ ጧት ስልኩን እዚያው ትታ ወጣች። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓቷን የምታስመዘግብበት ሌላ ስልክ ከቢሮው ጠይቃ ወስዳለች። ቁጥሩን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም፤ በምን አፉ።

ያን ቀን መንገደኞቹን አውርዶ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ቤት ናት። ለአንዲት አፍታ ልቡ ርፍ አለለት፤ ዛሬ ደግ ዋለች ሊል ምንም አልቀረውም። ከዚያ ትዝ አለው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ነጥቧ አልጠፋችም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ባትሪው መቶ ነው፣ ሣህሊቱ ኩሽና ናት። የትም ያልሄደች ሚስት፣ የማይዘጋ ስልክ፤ የለመነውን ሁሉ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ከሷ ጋር በአንድ ቤት ያድራሉ፤ እራት ታቀርባለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል። እሱን የሚያቃጥለው ያ ሁለተኛው ስልክ ነው። ቁጥሩን ማን ማን ያውቀው ይሆን፣ ሾርላይን ስትደርስ ማን ይደውልላት ይሆን እያለ ይብሰለሰላል፤ ድሮ ነጥቧ ስትጠፋ ከሚሰማው ይህ ይብስበታል። በአንዱ ጉዞና በሌላው መካከል ሲያርፍ የድሮውን ቁጥር ይደውላል። ኩሽናው ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ ይጠራል፤ ይጠራል። በመጨረሻ ቀድሞ የቀዳችው ድምፅዋ ይመጣል። ሣህሊቱ ነኝ፣ አሁን የለሁም፣ መልእክት ተዉልኝ ይላል።

እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይዘጋዋል። እስካሁን ምንም መልእክት አልተወም።